አልደግምም፣ አልወጣምም

ይድረስ ለልጄ ለፍሬምናጦስ። በሰው አገር የምትረግጠውን መሬት እግዚአብሔር ያለስልስልህ። እኔ ደህና ነኝ። የአዋሽ ሙቀት ዘንድሮ ብሷል። ጎረቤታችን መዲና ሎጊያ ከተማ ላይ ምግብ ቤት ከፍታለች፤ ሰላም በይልኝ ብላለች።

እህትህ «እማዬ ጸሎት ተወች» ያለችህ ውሸት ነው። አባትህን ከቀበርን ወዲህ መቁጠሪያዬን ስይዝ ቃሉ አልወጣ ስላለኝ ዝም ብዬ እቀመጣለሁ። ባለፈው እሑድ የጸሎት ማኅበራችን መሪ አስካለ ጸሎቱን አቋርጣ፣ «አፍሽን ማን ዘጋው? ወይ አብረሽን ድገሚ፣ ወይ ውጪ» አለችኝ በሰው ሁሉ ፊት።

«አልደግምም፣ አልወጣምም» አልኳት። ከወንበሬም ንቅንቅ አላልኩም።

የካቶሊክ ቁምስናችን ቄስ አባ ኡራኤል ይህን ሰምተው አስጠሩኝ።

«ዝም ስትዪ ምን ይሰማሻል?» አሉኝ።

«አንዳንዴ ሰላም፣ አንዳንዴ ምንም።»

«ምንም በማይሰማሽ ቀንስ?»

«ያን ቀንም አልነሳም፣ አባ።»

ፈገግ አሉ። ጸሎት በአፍ ይጀምራል፤ ቀጥሎ ቃሉን በልብ የምናመላልስበት አስተንትኖ ይመጣል፤ ከዚያ ቃልም ሐሳብም ያልቅና ነፍስ በአምላኳ ፊት ዝም ትላለች፣ ይህንንም ተመስጦ ይሉታል ብለው አስረዱኝ። «ምንም የማይሰማሽ የልብ ድርቀትም የመንገዱ ነው፤ አትፍሪ» አሉኝ።

አስካለ እስካሁን ሰላም አትለኝም። እኔ ግን ፊት ለፊቷ ነው የምቀመጠው።

ልጄ፣ ከክፉ ሁሉ ይሰውርህ፤ የእመቤታችን እጅ ከራስህ አይለይ። አደራህን፣ ቃሉ ይመለስላት ብለህ እንዳትጸልይልኝ።

እናትህ አዲስአለም