በሁዳዴ ደጃፌ ላይ ስለተገኘው አጥንት

መጋቢት ፲፯ ቀን ፲፱፻፶፩ ዓ.ም.
ድሬዳዋ

ለማዘጋጃ ቤቱ የጽዳት ክፍል ሹም

ጉዳዩ፦ ለአጥንት ብቻ የሚሆን ሁለተኛ በርሜል እንዲቆምልን ስለመለመን

ክቡር ሆይ፤

እኔ አመልካች በለጠች አንዳርጌ ከቀፊራ ገበያ ጀርባ ነዋሪ ስሆን፣ መሥሪያ ቤትዎ ለሰፈራችን የቆሻሻ በርሜል ስለሰጠን ከሁሉ አስቀድሜ አመሰግናለሁ። ዝንቡ ቀንሷል፤ የጎረቤት ጠብም ቀንሷል። በርሜሉ በእኔ ደጅ የቆመው የቆሻሻ ጋሪው መዞር የሚችለው እዚያ ብቻ ስለሆነ ነው እንጂ ቆሻሻ የማበዛ ሆኜ አይደለም።

ችግሩ የመጣው ሰፈራችን ጨዋ በመሆኑ ነው። እኛ ዘንድ ቆሻሻ ዝም ብሎ አይጣልም፤ ይለያል። የብርቱካን ልጣጩንና የጫት ገራባውን ወ/ሮ ሃዎ ለፍየሎቻቸው ይሰበስባሉ። ጣሳውን ቆርቆሮ ቀጥቃጩ ኩራዝ ሊሠራበት ይወስዳል። አመዱንና የጎመኑን ቅጠል እኔ ከሎሚዬ ሥር እቀብራለሁ፤ ሎሚዋን መጥተው ቢያዩልኝ ደስ ይለኛል። ሁሉም የሚፈልገውን ለይቶ ከወሰደ በኋላ ለበርሜሉ የሚተርፈው አጥንት ብቻ ነው።

ዘንድሮ ደግሞ ሁዳዴና ረመዳን ገጠሙ። ጎረቤቴ ወ/ሮ ሃሊሞ ቀኑን ጾመው ማታ ከነቤተሰባቸው በሥጋ ያፈጥራሉ፤ ጾማቸውን ይቀበልላቸው። እኔ ሽሮዬን በልቼ አድራለሁ። ጠዋት ግን አጥንቱ የሚታየው በእኔ ደጅ ነው።

ባለፈው እሑድ የባቡር መጋዘን ሠራተኛው አቶ ወልደጻድቅ ልጄን የሺአረግን ለልጃቸው ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ይዘው መጡ። ለካ ውሻ በርሜሉን ገልብጦት ኖሮ የበግ ጎድን ደጃፌ ላይ ተዘርግፎ ጠበቃቸው። ጾም ከሚገደፍበት ቤት አንገባም ብለው ከበር ተመለሱ። ያዘጋጀሁትን የጾም ምግብ ጎረቤት በላው።

ወ/ሮ ሃሊሞ ይህን ሲሰሙ ሻሻቸውን እንኳ በቅጡ ሳያስሩ አቶ ወልደጻድቅ ቤት ገሠገሡና፣ «ወላሂ፣ አጥንቱ የኛ ነው! በለጡ እንኳን ሥጋ፣ ቅቤም ካሸተተች ሰነበተች» ብለው መሰከሩልኝ። አቶ ወልደጻድቅ ግን፣ «ታዲያ የእናንተን አጥንት እሷ ደጅ ምን አመጣው? አብራችሁ በልታችኋላ!» አሉ። እኔ ስሰማ ሳቄ አመለጠኝ። ወዲያው ልጄ ስታለቅስ አይቼ አፈርኩ።

ክቡር ሆይ፣ ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የእኔ ስም ግን ከበርሜል በታች ውሏል። ልጆቹ ይፈላለጋሉ። ሽማግሌዎቹም ለደብረ ዘይት እሑድ ቁርጡን ሊነግሩን ቀጥረዋል።

ስለዚህ ከዚያ ቀን በፊት ክዳን ያለው የአጥንት በርሜል ከገበያው ሥጋ ቤት አጠገብ እንዲቆምልን፣ በእኔ ደጅ ባለውም ላይ «የማዘጋጃ ቤት» ተብሎ በትልልቁ እንዲጻፍልኝ በትሕትና እለምናለሁ። አቶ ወልደጻድቅ ዕድሜያቸውን በመጋዘን ስለኖሩ፣ ሰው የሚነግራቸውን ባያምኑ በዕቃ ላይ የተጻፈውን ያምናሉ።

እግዚአብሔር ፈቅዶ ነገሩ ከሠመረ ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው። ለዚያን ዕለት ግን ሁለቱንም በርሜሎች፣ የአጥንቱን ክዳን አንሥተው፣ ደጄ ላይ እንዲያቆሙልኝ ይሁን። የዚያን ቀኑ አጥንት የእኔ ነው፤ አገር ይየው።

ከአክብሮትና ከጾመኛ ሰላምታ ጋር

በለጠች አንዳርጌ
(ፊርማ)