ማክሰኞ የመታሁት ሪቬት

ለምወድህ ወንድሜ ለአንሴልም፣

እንደምን ሰነበትክ? ሳሉ ለቀቀህ? እግርህስ ያንን ጭቃ ቻለው? እኔና እማማ በጤና አለን፤ ልቤ ግን ደኅና አይደለም። ፖስታ ቤት ደብዳቤ ከፍተው የሚያነቡ ስላሉ ፈርቼ፣ ይህን ነገ ከእረፍት ወደ ጦር ክፍላችሁ ለሚመለሰው ለጎረቤታችን ለሜላኒ ባል እሰጠዋለሁ። ሜላኒ በኮቱ ገበር ውስጥ ትሰፋለታለች።

አባባ እዚህ ፋብሪካ ሲሠራ ሐዲዱ የገበሬ ነበር። ስኳር የሚሠራበትን ሥር ከረግረግ ማሳ ለማውጣት ሁለት ሰው ተሸክሞ እዚህ ሲነቅለው፣ እዚያ ሲያነጥፈው ታስታውሳለህ። ዛሬ የመድፍ ጥይት እንድትገፉበት ወደ እናንተ ይሄዳል። ወንዶቹ ስለዘመቱ ሐዲዱን ከአግዳሚው ብረት ጋር በሪቬት፣ በዚያ ባለ ራስ የብረት ችንካር፣ የምናያይዘው እኛ ሴቶች ነን።

ማክሰኞ አንዱን ሪቬት በመዶሻ ነካ ሳደርገው እንደ ደኅናው ጥርት ብሎ ሳይጮህ ድምፁ ታፈነብኝ። ጎንበስ ብዬ ባየው አንገቱ ላይ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ አለው። ከዚያው የሪቬት ሳጥን ያወጣሁት ሁሉ እንዲሁ ነው። ለካቦው ለሙሴ ጉጆን ብነግረው የታዘዘው ቁጥር ካልሞላ ሁላችንም እንደምንባረር ገልጾልኝ፣ «አንቺ ምቺ እንጂ አትመርምሪ» አለኝ። ተመልሼ መታሁ፤ እስኪመሽ መታሁ። በየምቱ አንተ ፉርጎውን ስትገፋ ይታየኝ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት አልቻልኩም። ሳጥኑን ወስጄ የጦር ሠራዊቱ ተቆጣጣሪ ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍኩት። እሱም አንዱን በጉጠት ይዞ ቢመታው እንደ ደረቅ ብስኩት ተሰበረ። ሥራው ወዲያው ቆመ። የማክሰኞው ጭነት ግን ጎሕ ሲቀድ ወጥቶ ነበር። ቴሌግራም ተልኳል፤ የት እንደደረሰ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም።

ትናንት ሙሴ ጉጆን አጠገቤ ቆመና፣ «ወንድምሽ ሲመለስ እዚህ ሥራ የሚያገኝ ይመስልሻል?» አለኝ።

«እሱ ይመለስልኝ ብቻ» አልኩት።

አንሴልም፣ እባክህ ስማኝ። አዲስ ሐዲድ ሲመጣላችሁ ጥይት ከመጫናችሁ በፊት ሪቬቱን በመዶሻ ምታው። ድምፁ ጥርት ካላለ አትጫኑበት። እያንዳንዳችን በአግዳሚው ጫፍ ላይ ቁጥራችንን እናትማለን፤ የእኔ 47 ነው። 47ን ካየህ የእኔ እጅ ሥራ ነውና አትመነው።

እማማ ትስምሃለች፤ ካልሲ ሠርታልሃለች። ያደረግሁትን አልነገርኳትም። አክስታችን ኦዲል፣ ጎረቤታችን ሜላኒና ልጆቿ ሰላም ይሉሃል። አብረውህ ለሚገፉት ሁሉ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ይቅርታዬንም።

እህትህ ሌዎንቲን
ከሴን ወንዝ ዳር፣ ኖቬምበር 12 ቀን 1916