ሰው አለው

ሜድስቶን፣ ሜልበርን
ሰኞ፣ ጥር 25 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለደሜ፤ ሐዋሳ

እንዴት ነህልኝ? እኔና ቃልኪ ጌታ ይመስገን ደህና ነን። ሙቀቱ ግን አይጣል ነው። ያ ጠግኜዋለሁ ብለህ የሄድከው የሳሎን ፋን እንደገና ማንኳኳት ጀምሯል፤ ስንበላ እንግዳ የመጣ እየመሰለን ወደ በሩ እንዞራለን። ዛሬ ዌሪቢ መጋዘኑ ሺፍት የለኝም፣ ልጅህም ትምህርት ቤት ሄዳለች። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፍልህ አልኩ።

በወረቀት መጻፌ እንደሚያስቅህ አውቃለሁ። ስልክ ላይ የምናወራውን ግን እኔም አንተም እናውቀዋለን። መብራት ጠፋ፣ መብራት መጣ፣ ቃልኪ ሒሳብ ስንት አመጣች፣ እሺ ቻው። እናትህ ታመው ስትሄድ ለጥቂት ሳምንት ነበር። አስታመምክ፣ ቀበርክ፤ ደግ አደረግህ። ከዚያ ኮሌጁ «አንድ ሴሚስተር ብቻ አስተምርልን» አለህ፤ ሴሚስተሩ ሴሚስተር እየወለደ ይኸው ሁለተኛ ዓመቱን ያዘ። ትመጣለህ ወይ ብዬ አልጠይቅህም፣ አንተም አልመጣም ብለህ አትነግረኝም። እዚህ ሰው ሲጠይቀኝ «ሊመጣ ነው» እላለሁ። ይህን ማለት ደክሞኛል ደሜ።

ለማንኛውም ወሬው ይኸውልህ፤ ቤተ ክርስቲያናችን ትናንት ተዘጋ።

አዎ፣ ያው የሜድስቶኑ፣ ቀይ ጡብ፣ በሩ ላይ «ሜቶዲስት» የሚል ድንጋይ ያለው። ነጮቹ አባሎች አንድ በአንድ አልቀው የቀሩት ጥቂት አሮጊቶች ናቸው፤ ጣራውም የሚጠገን አልሆነም፤ ሊሸጥ ነው። የኛ የአማርኛው ኅብረት ዌሪቢ አንድ የትምህርት ቤት አዳራሽ አግኝቷል። ከአሮጊቶቹ መካከል እትዬ ዶሮቲን ደግሞ ልጃቸው ወደ አረጋውያን መኖሪያ ልታስገባቸው ነው። ሜቶዲስት ከሌሎች ቤተ ክርስቲያናት ጋር ተዋህዶ ስሙ ከተለወጠ ስንት ዘመኑ፤ እሳቸው ግን ትናንትም ሻይ እየቀዱ «እኔ ሜቶዲስት ነኝ» ሲሉ ነበር።

መጀመሪያ የሄድንበትን ቀን ታስታውሳለህ? አንተ ገና ተማሪ ነበርክ፤ ካርልተን አንዲት ክፍል ውስጥ አልጋው ላይ ቁጭ ብለን የምንበላበት ጊዜ። የአማርኛው ጸሎት በአንድ የነጮች ቤተ ክርስቲያን ነው ተባልንና በትራም፣ ከዚያ በአውቶቡስ፣ ከዚያ በእግር ደረስን። ዝናቡ አበስብሶናል። እትዬ ዶሮቲ ማን ናችሁ እንኳ ሳይሉ ፎጣ አምጥተው ፀጉሬን ማድረቅ ጀመሩ። አንተ ስማቸውን ስትሰማ ሳቅህን መያዝ አቅቶህ ወደ መጸዳጃ ቤት ሮጥክ። «ዶሮ ናቸው እንዴ?» ያልከኝን እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም።

እኚያ ሴትዮ ለኔ ያልሆኑት ምን አለ? ዓርብ ዓርብ ለችግረኛ የሚታደለውን አትክልት በየከረጢቱ ስንከፋፍል «ይህ ምን ይባላል? ይህስ?» እያሉ እንግሊዝኛ አስተማሩኝ። ለዚህ ነው የመጀመሪያው ዓመት እንግሊዝኛዬ በሙሉ ካሮትና ጎመን የነበረው። መኪናም ያስነዱኝ እዚያው ግቢ ውስጥ ነው፤ አጥሩ ላይ ያለው ጭረት አሁንም አልጠፋም። ከኛ ወገን ጋሼ ካሣዬ ደግሞ ነጮቹ መጠጥ እንደማይቀምሱ፣ መዝሙርም እንደሚወዱ ካዩ በኋላ «እነዚህም እኮ ጴንጤ ናቸው፤ ቀስ ብለው ስለሚዘምሩ ነው ያላወቅናቸው» አሉ።

ከሁሉ በላይ ግን ትናንት ሰው ሲያወራ የዋለው ስለዚያች አንተ ስለተረጎምካት ቃል ነው። በሌለህበት ስምህ ሲነሳ ዋለ።

እነሱ በዓመታቸው መጀመሪያ አንድ እሑድ አላቸው፤ ሁሉም ተነስቶ ራሱን እንደ አዲስ ለእግዚአብሔር የሚሰጥበት። አንተ ልትመረቅ በተቃረብክበት ዓመት ቄሱ እኛም ጠዋት አብረናቸው እንድናመልክ ጋበዙንና አንተ አስተረጎምክ። «በሚቀጥለው እሑድ ቃል ኪዳናችንን ስለምናድስ ሁላችሁም ተዘጋጅታችሁ ኑ» አልክ። ትርጉሙ ስህተት የለበትም። ግን ያገሬ ሰው ቃል ኪዳን ሲባል የሚያስበው ምንድን ነው? ጋብቻ ነዋ! የጋሼ ካሣዬ ባለቤት እትዬ በለጥሻቸው ሰው ሲበተን መጥተው «ባልና ሚስት አብረን ነው የምንመጣው አይደል?» ብለው ሲጠይቁህ አንተ ወንበር እየደረደርክ «አዎ አዎ፣ አብራችሁ ኑ» አልካቸው። በቃ፣ ነገሩ ጸደቀ።

ሳምንቱን ሙሉ ስልኩ ሲንጫጫ ሰነበተ። ጥልፍ ቀሚስ ከየሻንጣው ወጣ፣ ኬክ ኦርደር ተደረገ፣ ያላገቡት «እኛ ሚዜ እንሆናለን» ብለው አንድ ዓይነት ክራቫት ገዙ። አንተ የመመረቂያ ጽሑፍህን ልታስረክብ ስትሯሯጥ ምንም አልሰማህም። እሑድ ጠዋት ነጭ ቀሚሴን ስተኩስ አይተህ «ምን አለ ዛሬ?» ስትለኝ «አንተ አይደለህ እንዴ ያወጅከው?» አልኩህ። ያን ጊዜ የነበረውን ፊትህን ምነው ፎቶ ባነሳሁት!

በሩ ላይ ስንደርስ ጋሼ ካሣዬ ካባ ደርበዋል። ሹራብ ለብሰህ ሲያዩህ ደነገጡ። «ሙሽራ በሹራብ?» ብለው ካባውን ከፍተው ኮታቸውን አወለቁና አለበሱህ። እጅጌው ክንድህ መሃል ቀረ። ጥንድ ጥንድ ሆነን እልልታ እየቀለጠ ስንገባ ነጮቹ አሮጊቶች አፋቸውን ከፈቱ። ቄሱ አንተን ያያሉ፣ አንተ መሬቱን ታያለህ። እትዬ ዶሮቲ ኦርጋኑ ላይ ነበሩ፤ የዘረጉትን መዝሙር አጠፉና የሠርግ ማርሹን ጀመሩት! ቤቱ በሳቅ ሊፈርስ። ቄሱ ነገሩ ሲገባቸው እጅ ለእጅ እንደተያያዝን ጸሎቱን አስባሉን። «ቢሞላም ቢጎድልም ያንተ ነኝ» የሚለው ለእግዚአብሔር ነበር፤ አንተ ግን ስትለው እኔን ነበር የምታየው። በዓመቱ ልጅ ተወለደችና እትዬ በለጥሻቸው «ቃልኪዳን በሏት፣ ሌላ ምን ስም አለ?» አሉ።

ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ያ እሑድ የጥንድ ሆኖ ቀረ፤ ነጮቹም ለመዱት። እትዬ ዶሮቲ በሚቀጥለው ዓመት የሟች ባላቸውን ባርኔጣ ይዘው መጥተው አጠገባቸው አግዳሚው ላይ አስቀመጡት። ከዚያ በኋላ ባሏ ያረፈባት፣ ሚስቱ ያረፈችበት ሁሉ አንዳች ነገር ይዞ ይመጣል። መነጽር፣ ሻሽ፣ መጽሐፍ ቅዱስ። ዓምና ያን እሑድ እኔ ሺፍት ለውጬ ሥራ ገባሁ። ከማን ጋር ልቁም?

ትናንት ግን የመጨረሻው ነው፤ አይቀርም። ጠዋት ቁም ሣጥኑን ከፍቼ ያንን የጋሼ ካሣዬን ኮት አወጣሁ፤ «ያንተ ይሁን» ካሉህ ጀምሮ እዚያው እንደተሰቀለ ነው። አጣጥፌ ፌስታል ውስጥ አደረግሁት። ቃልኪ አየችኝና «ማም፣ ዋት ኢዝ ዛት ፎር?» አለች። «አጠገባችን ለማስቀመጥ» አልኳት። ቀበቶዋን አስራ መስኮት መስኮቱን ስታይ ደረስን።

በሩ ላይ እትዬ በለጥሻቸው ሁሌ ከሚያመጣቸው ከዋቅጋሪ መኪና ሲወርዱ ተገናኘን። ጋሼ ካሣዬ ሰኔ ላይ እንዳረፉ ነግሬህ ነበር። ያንን ካባቸውን እንደ ሕፃን ታቅፈውታል። ስመውኝ ሲያበቁ ፌስታሉን አዩ።

«ምን ይዘሻል አንቺ?»

«የደሜን ኮት ነው እትዬ።»

«ለምኑ?»

«አጠገቤ ላስቀምጠው ነዋ፤ እንደ ሰው ሁሉ።»

ቀጥ ብለው ቆሙ። «ባልሽ ሞቷል?»

«ኧረ አልሞተም እትዬ፣ ግን...»

«ግን ብሎ ነገር የለም! የሞተው የኔ ካሣዬ ነው! ጨርቅ ታቅፌ የምገባው እኔ ነኝ! በሕይወት ያለ ሰው ኮት ታነጥፊያለሽ? መልሺው ወደ መኪናሽ!» ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። ከዚያ ድምፃቸው ወረደና እጄን ያዙኝ። «ከመጣ ይምጣ፣ ካልመጣም አፉን ከፍቶ ይንገርሽ። እስከዚያ ግን በቁሙ አትቅበሪው ልጄ።» እሳቸውም አለቀሱ፣ እኔም አለቀስኩ፣ ዋቅጋሪ ጎማውን የሚያይ መስሎ ጎንበስ አለ።

ኮቱን መለስኩት። ገብተን እዚያው መስኮቱ ሥር፣ ቦታችን ላይ ተቀመጥን። ቃልኪ በቀኜ፣ በግራዬ ማንም የለም። ችግሩ ምን መሰለህ፣ ቤቱ ሞላ! ከዚህ ተነቅለው ስንት ቦታ የሄዱት ሁሉ መጥተዋል፤ የነጮቹ ልጆችና የልጅ ልጆች ሳይቀሩ። ሰው ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። አስተናጋጁ ሰብሐት መጣና «እትዬ ማስተዋል፣ እዚህ ጋ ሰው አለው?» አለኝ።

«ሰው አለው» አልኩት።

«የት ሄዶ ነው?»

«ይመጣል።»

ሄደ። ደግሞ አንዲት ሴት መጣች፤ «ሰው አለው» አልኳት። በኀፍረት ላብ አጠመቀኝ። ሰው ቆሞ እኔ ባዶ ቦታ እጠብቃለሁ! ሦስተኛ አንድ ነጭ ሰውዬ ሊቀመጥ ጎንበስ ሲል፣ በቃ ይቀመጥ ብዬ ልጠጋለት ተነሳሁ። ቃልኪ ግን በኔ ላይ ተንጠራርታ እጇን ባዶው ቦታ ላይ ዘረጋችና «ሶሪ፣ ኢትስ ቴክን» አለችው። ተይዟል ማለቷ ነው። እንግሊዝኛው እንደዚያ ነው የሚለው፣ ተይዟል ብቻ። የኛው ግን ሰው አለው ይላል። ስንት ዘመን ታክሲ ውስጥ ስንለው ኖረን፣ ምን ማለት እንደሆነ ትናንት ነው የገባኝ።

ጸሎቱ ሲደርስ ሰው ሁሉ ተያያዘ። እትዬ በለጥሻቸው ካባውን ትከሻቸው ላይ ደረቡት። እኔ ግራ እጄን አግዳሚው ላይ፣ ያንተ ቦታ ላይ አሳረፍኩ። ቃልኪ እጇን አምጥታ በላዬ ጫነችው። «ቢጎድልም» ብዬ ቆምኩ፤ እሷ ናት የጨረሰችልኝ።

በመጨረሻ እትዬ ዶሮቲ ኦርጋኑን ዘግተው መክደኛውን መታ መታ አደረጉት፣ ለፈረስ እንደሚደረገው። ወደ እኔ መጥተው «ለዴሚ ንገሪው፤ በዚህ ቤት ከሱ ስህተት የተሻለ ስብከት አልሰማሁም» አሉኝ። ሰላም ብለውሃል።

አግዳሚዎቹን ለፈለገ ሰጡ። የኛን ዋቅጋሪ በመኪናው ጭኖ አመጣልን። አሁን በረንዳው ላይ ነው፤ ይህንንም የምጽፍልህ እሱ ላይ ተቀምጬ ነው። ጥግ ይዤ ነው የተቀመጥኩት፤ ልምድ ሆኖብኝ።

ደሜ፣ ትወደኛለህ ወይ ብዬ አልጠይቅህም። እኔ እወድሃለሁ፤ ያኔም በዚያ አጭር እጅጌ እወድህ ነበር። መጀመሪያ ያገኘኸኝ ጊዜ፣ አዲስ አበባ መዘምራን ልምምድ ላይ፣ «ሰው አለው?» ብለህ ነው የጠየቅከኝ። «የለውም» አልኩህና ተቀመጥክ። ትናንት ደግሞ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሰው አለው ብያለሁ። እኔ ያልኩት ግማሹ በይሉኝታ ነው፤ ልጅህ ግን አምናህ ነው ያለችው። የምትመጣ ከሆነ ቦታህ አለ። የማትመጣ ከሆነም አፍህን ከፍተህ ንገረኝ። ያኔም ኮቱን አጠገቤ አላነጥፈውም፤ ላውንደሪ ሰጥቼ እልክልሃለሁ። «ሊመጣ ነው» ማለቱን ግን ከዛሬ ጀምሮ ትቻለሁ።

የእናትህን መቃብር ስትሄድ ስለ እኔም ቁምልኝ። ወንድሞችህን ሁሉ ሳምልኝ። ጌታ በመውጣትህም በመግባትህም ይጠብቅህ፤ ከሁለቱ መግባትህን ያፍጥነው።

ያንተው
ማስተዋል

ልዘጋው ስል ቃልኪ ከትምህርት ቤት ገባች። ቦርሳዋን ጥላ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች፣ እሷም በዚያኛው ጥግ፣ መሃሉን ትታ። «ለዳዲ ነው?» አለችኝ። አዎ፣ ምን ልበልልሽ አልኳት። ትንሽ አሰበችና «ሰው አለው በዪው» አለች። በአማርኛ ነው ያለችው፤ እኔ አላስጠናኋትም።