ሃምሳ የሞተበት ረቡዕ

ውድ እትዬ ኔዳ፣

በጥልቅ ሐዘን የማሳውቅዎ ከባድ ዜና አለ፤ ባለፈው ረቡዕ ከቀትር በኋላ አርፈዋል። አዎ፣ እርስዎ። ቡርጋስ ከተማ ልጅዎ ዘንድ ዓይንዎን ታክመው በረንዳ ላይ ተቀምጠው ይህን የሚያነቡ ከሆነ አይደንግጡ፤ መንደሩ ደህና አድርጎ አልቅሶልዎታል።

ጥፋቱ የኔ ነው። ለባቡር ነጂዎች ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ሲያስጠኑኝ ያቺን ጥያቄ አሥራ አንድ ጊዜ ጠይቀውኛል። አውቶቡስ በሰዓት አርባ ኪሎ ሜትር እየተጓዘ ወደ ከተማ ይወጣል፣ በዚያው መንገድ በስልሳ ይመለሳል፤ አማካይ ፍጥነቱ ስንት ነው? አሥራ አንዴም «ሃምሳ» አልኩ፤ አሥራ አንዴም «አርባ ስምንት» ብለው አረሙኝ። ሲሄዱ «ዲልያን፣ ያንን ሃምሳህን ቅበረውና ተፈተን» አሉኝ። እኔ ደግሞ ታዛዥ ልጅ ነኝ።

በፈተናው ዋዜማ ወረቀት አምጥቼ እንደ ሞት ማስታወቂያ ጠርዙን አጠቆርኩና እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ውድ ሃምሳ ከአጭር ሕመም በኋላ ተለይቶናል። ላየው ሁሉ ትክክል የሚመስል የዋህ ቁጥር ነበር። ሐዘንተኛ ወንድሙ፣ አርባ ስምንት።» ሲመለሱ እንዲስቁ ብዬ በርዎ ላይ ለጠፍኩት።

እንደሚያውቁት እኛ መንደር ጥቁር ጠርዝ ያየ ሰው ጽሑፉን አይጨርስም። እማማ ስቶይና ያለ መነጽር ከአጥር ማዶ አዩት። ሰዓት ሳይሞላ ደጃፍዎ በሻማ፣ ለሙት በተቀቀለ ስንዴና በጥንድ በጥንድ ጽጌረዳ ተሞላ። ጋሽ ቬልቾ አውቶቡሱን ከነተሳፋሪው አቁሞ ወረደና ኮፍያውን አወለቀ። የልጅዎን ስልክ ቁጥር መጠያየቅ ሲጀምሩ ግን መሃላቸው ገባሁ።

«እሳቸው አልሞቱም» አልኩ። «የሞተው ሃምሳ ነው።»

«ሃምሳ ደግሞ ማነው? የማን ቤት ልጅ ነው?» አሉ እማማ ስቶይና።

ወረቀቱን ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ከዚያ ጋሽ ቬልቾ ኮፍያውን መልሶ ደፋ።

«ስማ አንተ፣ ይህን መንገድ ሃያ ዓመት ነድቼዋለሁ። በአርባ እወጣለሁ፣ በስልሳ እወርዳለሁ። ሃምሳ ነው። በሕይወት አለ።»

መንደሩ በሙሉ ከሱ ጋር ወገነ። እማማ ስቶይና «እና እኔ ስንዴዬን የቀቀልኩት ለማን ነው?» እያሉ ዱላቸውን አነሱ። ማምለጫ አልነበረኝም።

«እሺ ጋሼ፣ መንገዱ መቶ ሃያ ኪሎ ሜትር ነው እንበል። ስትወጣ ስንት ሰዓት ይፈጅብሃል?»

«ሦስት።»

«ስትወርድስ?»

«ሁለት።»

«ታዲያ የቱ ላይ ብዙ ትቆያለህ?»

«ዳገቱ ላይ ነዋ። ዕድሜዬን የበላው እሱ አይደል?»

«ስለዚህ ለየሰዓቱ አንድ የምርጫ ድምፅ ብንሰጥ ዳገቱ ሦስት ድምፅ አለው፣ ቁልቁለቱ ሁለት። እኩል እንዴት ትቆጥራቸዋለህ? ደርሶ መልስ ሁለት መቶ አርባ ኪሎ ሜትር፣ ለአምስት ሰዓት ስታካፍለው...»

እትዬ፣ አሥራ አንድ ጊዜ ሲነግሩኝ ያልገባኝ ነገር ከገዛ አፌ ሲወጣ ገባኝ።

«አርባ ስምንት» አለ ጋሽ ቬልቾ ቀስ ብሎ። ኮፍያውንም እንደገና አወለቀ፤ አሁን ለሃምሳ።

ፈተናውን ተፈተንኩ፤ ውጤቱ ዛሬ ተለጠፈ። ከስድስት፣ ሒሳብ አራት ነጥብ አምስት፣ ቋንቋ ሦስት። ማለፊያው አማካይ አራት ነው። ደምሬ ለሁለት ባካፍለው ሦስት ነጥብ ሰባ አምስት ወጣ። ግድግዳው ሥር ቁጭ አልኩ። ዘንድሮ ካላለፍኩ አባቴ ጡብ ፋብሪካ ሊያስገባኝ ነው፤ ዓይኔ እንባ ሞላ፣ ለማንም እንዳይናገሩ። ከዚያ ቀና ስል ከሰንጠረዡ ግርጌ በደቃቅ ጽሑፍ «ሒሳብ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል» ይላል። ለካ እዚህም ዳገት አለ። ዘጠኝ እና ሦስት፣ አሥራ ሁለት፤ ለሦስት ሲካፈል ልክ አራት። ሽርፍራፊ እንኳ የለውም።

ስንዴውን በላነው። አበቦቹን ውሃ ውስጥ አድርጌ ደጃፍዎ አኑሬያቸዋለሁ፤ ጥንድ ለሙት ነውና ከየእቅፉ አንዳንድ ሰርቄ ለሕያው ሰው ጎዶሎ አድርጌያቸዋለሁ። ለእማማ ስቶይና ግን እባክዎ ራስዎ ይደውሉላቸው፤ በሕይወት መኖርዎን እስካሁን አላመኑም።

ሲጠቃለል፣ እትዬ፣ ይህ ሁሉ ለቅሶ በሁለት ኪሎ ሜትር ልዩነት የመጣ ነው። ያን ያህል የሚያስጽፍም አልነበረም።

ሃምሳን የቀበረው ተማሪዎ፣
ዲልያን