ነቢያችንም ቢመጡ ተራ ይጠብቃሉ

ለውድ እህቴ ለፎሩዛን፤ ሃምቡርግ።

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናሽ እንዴት ነው? ልጆቹስ? ባልሽስ? ያ የወገብሽ ሕመም ተሻለሽ ወይስ ዛሬም ብርዱ ይቀሰቅሰዋል? እኛ አላህ ይመስገን አለን፤ እማማ አለች፣ እኔ አለሁ፣ የዳቦ ቤቱም እሳት አልጠፋም። አለን ማለት ይህ ከሆነ። በስልክ ያልነገርኩሽ ጆሮ ስለበዛ ነው፤ ይህን ደብዳቤ ይዘውልሽ የሚመጡት ጎረቤታችን ወይዘሮ ማህሊቃ ናቸው።

አባባ ታስሯል። አትደንግጪ ልልሽ ፈልጌ ነበር፤ ግን እኔው ራሴ ደንግጫለሁ። የረመዳን ዋዜማ የዳቦው ሰልፍ እስከ መድኃኒት ቤቱ ደርሶ ሳለ የሰፈራችን ሚሊሻ አለቃ መጣና እንደ ልማዱ ሰው ገፍቶ መስኮቱ ላይ ቆመ። አባባ ዳቦውን ከምድጃው የጋለ ጠጠር ላይ እያነሳ፣ ቀና እንኳ ሳይል፣ "ወንድሜ፣ እዚህ ነቢያችን ራሳቸው ቢመጡ ተራ ይጠብቃሉ" አለው። በቃ፣ ይኸው ነው። ሰው ሳቀ፤ አለቃው አልሳቀም። ማታውኑ ነቢዩን ሰድቧል ተብሎ ተወሰደ።

ጠበቃው እንዳስረዳኝ በዚህ ክስ አውቄ ነው የተናገርኩት ያለ ይሰቀላል። ሰክሬ ወይም ተናድጄ ነው ያለ ሰባ አራት ጅራፍ ተገርፎ ይተርፋል። ተሳስቼ ነው፣ አፌን አዳልጦኝ ነው ያለ ደግሞ ወደ ቤቱ ሊመለስ ይችላል። ጉዱን አየሽ? ሰካራሙ የሚተርፍበት፣ መጠጥ በአፉ ዞሮ የማያውቅ ሐጂ የሚሰቀልበት ሕግ። ለማንኛውም መውጫው አንዲት ቃል ናት። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ፤ ቢላት ማን ይታዘበዋል?

አባባ ግን ግግም አለ። በመጀመሪያው ችሎት ዳኛው ራሱ ሰልችቶት ተሳስቻለሁ በልና እንገላገል ቢለው ምን ብሎ እንደመለሰ ታውቂያለሽ?

"ተሳስቻለሁ ካልኩማ ነቢዩ ሰው ገፍተው ይገባሉ ማለቴ ነው። ስድብ እሱ ነው።"

ጠበቃው ግንባሩን ያዘ። እኔን ኩራትና ንዴት ባንድ ላይ መጡብኝ፤ ንዴቱ ግን በለጠ። እውነቱን ነው፤ አንገቱ ግን አንድ ነው። እማማ አለቀሰች፣ ለመነች፣ ከተጋቡ ጀምሮ ተናግራው የማታውቀውን ሁሉ አወረደችበት፤ ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ባለፈው ማክሰኞ ልጠይቀው ሄጄ አንዴ ብቻ ዋሽ ልለው አፌን ስከፍት ቀደመኝ። ሰዉ ተራውን ይጠብቃል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ይጠብቃል አልኩት። አይጠብቅም፤ አለቃው በየማለዳው ገፍቶ ይመጣል፣ ሰዉ መሬት መሬት ያያል፣ እኔም ዳቦውን እሰጠዋለሁ።

ወይዘሮ ማህሊቃ ከሚቀጥለው የችሎት ቀጠሮ በፊት ይመለሳሉና በእጅ ጽሑፍሽ ሁለት መስመር ላኪለት። ተሳስቻለሁ በል በይው። እኔን አይሰማም፤ አንቺን ግን እምቢ ብሎሽ አያውቅም።

ልጆቹን በየተራ ሳሚልኝ፤ ባልሽን እንዴት ነህ ብሎሃል በይልኝ። እማማ ዓይንሽን ትስማለች፤ አክስታችን ቱራንም ስምሽን ሳታነሳ ውላ አታድርም። እኔ የድርሻዬን ዋሽቼዋለሁ፤ አሁን ተራው ያንቺ ነው።

ወንድምሽ ሆርሞዝ
ሰብዘዋር፣ ኾርዳድ 3 ቀን 1403 በፀሐይ ሂጅራ