የአባዬ ማር

ሰኞ፣ ሰኔ 8 ቀን 2012

ማሰሮውን ደበቅሁት፤ አገኘው። ደግሜ ደበቅሁት፤ ደግሞ አገኘው! ስኳር ያለበት ሰው ጠዋትና ማታ ማር ይልሳል፣ እኔ ልጁ ሌባ እንደሚጠብቅ ዘበኛ ከኋላው እዞራለሁ። ነገሩን ያመጣው ወንድሜ ሰይድ ነው። ከባምባሲ ከተማ በቴሌግራም የአንድ ሰውዬ ድምፅ ላከለት። ዶክተር ነኝ ባይ፣ ስሙን እንኳ አይናገርም። ፌጦ ወቅጣችሁ በሎሚና በማር ለውሳችሁ ከበላችሁ ኮሮና አጠገባችሁ አይደርስም ይላል። ይሁን፣ ይብላ። መጨረሻው ላይ ግን "የፋርማሲ መድኃኒት የምትወስዱ አቁሙ፣ አብሮ አይሄድም" አለ። አባዬ ይቺን ሰማና የስኳር ኪኒኑን እርግፍ አድርጎ ተወው።

ማክሰኞ

ጮህኩበት። ደግ አላደረግሁም። "ለሰፈራ ስንመጣ ወባ ያን ሁሉ የወሎ ሰው ሲጨርስ እኔን ማን አተረፈኝ? የሐምዳን ማር!" አለኝ። ይሄን ታሪክ ስሰማ ነው ያደግሁት። ጋሽ ሐምዳን የበርታ ሰው፣ የአገሩ ተወላጅ ነው፤ ቤቱ ከአምባችን ማዶ፣ ቀርከሃው ጋ። አባዬ በትኩሳት ሲቃዥ ማር ይዞለት መጣ፣ አባዬም ተነሳ። ንብ ማነብ ያስተማረውም እሱ ነው። ከዚህ ጋር ምን ብዬ ልከራከር? አስተማሪ ነኝ፤ ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ ያለኝ ተማሪ አባዬ ብቻ ነው፣ እሱም አይሰማም።

ረቡዕ

ውኃ ውኃ ይላል። ጆጉን ጨርሶ ሌላ ይጠይቃል፣ ሽንት ቤት ይመላለሳል። ጤና ጣቢያ እንሂድ ስለው "በሽታው ያለው እዚያ አይደል?" አለኝ። ከሰዓት በኋላ በሩን ሲፈልግ ግድግዳውን ዳበሰ። ዓይኑ ደክሟል፣ አልነገረኝም እንጂ። ለሰይድ ደወልኩ። "እኔ እኮ ለደግ ብዬ ነው" ይላል። ለደግ ብለህ አባቴን ልትገድልብኝ ነው ልለው ነበር፤ ዋጥኩት። ያ ረቢ፣ እንዳትወስድብኝ።

ሐሙስ

በዝናብ፣ ማስኬን አድርጌ ጋሽ ሐምዳን ዘንድ ሄድኩ። የማሰሮው ሲያልቅ ሌላ ማር እንዳይሰጠው ልለምነው ነበር፤ ከዚህ ያለፈ ሐሳብ አልነበረኝም። አፍ የፈታው በአማርኛ አይደለምና እኔን ሴቷን ከልጅነቴ ጀምሮ "አንተ" ነው የሚለኝ። ሰማኝና ሳቀ።

"አባትህ ረሳ። ማር ብቻ አይደለም፣ ኪኒን ነበረ። የሰፈራ ሐኪም ሰጠ። መራራ! አባትህ ተፋ። እኔ ማር ውስጥ ከተትኩ፣ አፉ ከፈትኩ፣ ዋጠ። ትኩሳት ነበረ፣ እሱ ምን ያውቃል?"

ያ ሁሉ ዘመን ማሩ ሲመሰገን ኪኒኑን ያነሳ የለም።

ዓርብ

መስጊዱ ስለተዘጋ ጁምዓ የለም። ጋሽ ሐምዳን በጁምዓው ሰዓት እኛ ቤት መጣ። አባዬ እጁን ዘረጋ። እነሱ ከተጨባበጡ የከብቱንም ደኅንነት ጠይቀው ካልጨረሱ አይላቀቁም። ጋሽ ሐምዳን ዛሬ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ራቅ ብሎ ተቀመጠ። ከዚያ ነገረው።

"ውሸት!" አለ አባዬ። ቀጥሎም "ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርከኝም?"

"አንተ ማር አመሰገነ። ማር የኔ ነው። ደስ አለኝ።"

አባዬ መጀመሪያ ተቆጣ፣ ከዚያ እስኪያስለው ሳቀ። "በይ ኪኒኑን አምጪ" አለኝ። እጁ ወደ ማሰሮው ሲሄድ ጋሽ ሐምዳን ቀድሞ ብብቱ ስር ሸጎጠው። አባዬ ኪኒኑን በውኃ ዋጠው፣ እንደ ሕፃን ፊቱን አጨፍግጎ። ነገ ጠዋት ሐምዳን አብሮኝ ከሄደ ጤና ጣቢያ እሄዳለሁ ብሏል። አልሐምዱሊላህ።

ጋሽ ሐምዳን ተነሳ፣ ማሰሮውን እንደያዘ በሩ ላይ ቆሞ ዝናቡን ያያል።

"ሐምዳን ሄደ እንዴ?" አለኝ አባዬ፣ ፊቱን ጋሽ ሐምዳን ወደቆመበት አዙሮ።

ጋሽ ሐምዳን "አለሁ" አለ፤ ተመልሶም ተቀመጠ።