ሳይገባኝ ያጨበጨብኩለት ሰው

ማክ. ኅዳር 3፣ 2006 ዓ.ም. ጠዋት 3 ሰዓት
የስኳር ኪኒኔን ዋጥኩ። ጉልበቴን አሸሁ። ዛሬ 10 ሰዓት ላይ ስብሰባ አለ። የከተማው አስተዳደር የአውቶብስ ፌርማታችንን ሊያነሳ ነው። ከሚስተር ሳም ጋር እንሄዳለን። በዚህ በሰው አገር ጎረቤቴ ነው፣ ይሁዲ፣ እንደኔ ሚስቱ የሞተችበት። ከሰዓት ከሰዓት ዳማ እንጫወታለን። ሲሸነፍ መነጽሬ ነው ይላል። ደብተሬ፣ በዚህ ሰፈር ካንተ ሌላ ያለኝ እሱ ብቻ ነው።

ረቡዕ ኅዳር 4
ትናንት ሄድን። ለአንድ ሰው መናገሪያ ሁለት ደቂቃ ይሰጣሉ። በአገራችን ስብሰባ ተናጋሪ ዝም ተብሎ አይሸኝም፣ ነውር ነው። ስለዚህ ለሁሉም አጨበጨብኩ። አንድ ክራቫት ያሰረ ሰውዬ ተነሳ። እንግሊዝኛው ፈጠነብኝ። ሲጨርስ አጨበጨብኩ። ብቻዬን! ሳም አየኝ። ኮቱን አንስቶ ወጣ። ባቡር ጣቢያው ድረስ ብከተለው ዞር አላለም። ምን አጠፋሁ?

ሐሙስ ኅዳር 5
ልጄን ሂሩትን ኮል አደረግኩ። ስብሰባውን ኢንተርኔት ላይ አየችው። «አባዬ፣ ምን ነክቶህ ነው? ሰውየው እኮ ስለ አውቶብስ ጀምሮ ይሁዲዎች ከሰፈራችን ይውጡልን ነው ያለው!»
ለምን አላስቆሙትም አልኩ። ሰብሳቢዋ አፍራለች፣ ግን እንድታስቆመው ሕጉ አይፈቅድላትም አለች ሂሩት። እስካልዛተ ድረስ መናገር መብቱ ነው። ለሳምስ ሕግ የለም ወይ ብላት፣ እሱም ሁለት ደቂቃ አለው አለችኝ። ተናደድኩ። ግን አገር ቤት ወንድሜን አንዲት ቃል ተናገርክ ብለው ከቤት ሲወስዱት አይቻለሁ። አልተመለሰም። አፍ ይዘጋ አልልም። አልልም፣ ግን ያንገበግበኛል።

እሁድ ኅዳር 8
ከቅዳሴ መልስ የሳምን በር አንኳኳሁ። ቲቪው ይሰማል። አልከፈተም። የስንቱን ትዳር በሽምግልና አስታርቄ፣ ለራሴ የምልከው ሽማግሌ ጠፋ። ዳማውን ዘርግቼ ለሁለታችንም እኔው ተጫወትኩ። አኩርፌ ተነሳሁ።

ማክ. ኅዳር 10
ሂሩት፣ ይቅርታውን በእንግሊዝኛ ልጻፍልህና በበሩ ሥር ክተትለት አለች። እምቢ። ሰው ፊት አዋርጄው በር ሥር ይቅርታ? ሐሙስ ሌላ ስብሰባ አለ። አስተርጓሚም ይሰጣሉ። ሄጄ ስሜን አስመዘገብኩ። ያ ሰውዬ ቢኖርም ፊቱን እያየሁ እላለሁ፦ ሳይገባኝ ነው ያጨበጨብኩት፣ ሳም ጎረቤቴ ነው፣ የትም አይሄድም።
ሂሩት፣ ሳም ባይመጣስ አለች።
ባይመጣም እናገራለሁ።